ከመዶሻው በፊት
የወጣቶች የቤት እድሳት አገልግሎት በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ለጥናት የሚነበብ፦ ነህምያ 2፥11–18፤ ነህምያ ምዕራፍ 3



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ በየአጥቢያው የወጣቶች ኅብረት አንድ ሐሳብ ይነሣል። «የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት እናድስ» የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ባለፉት ዓመታትም የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በአገራችን ከሚታወቁት የክረምት የበጎ ፈቃድ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ነገር ግን ቅንዓት ከማስተዋል ቀድሞ ሲሮጥ የሚመጣውን ጉዳት አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ሃያ ወጣቶች በአንድ ጠዋት የአሮጌ ቤት ቆርቆሮ ሊያወርዱ ይችላሉ። ወጋግራው በስብሶ ቢገኝ፣ የተገዛው እንጨት ባይበቃ፣ ከሰዓት በኋላም ዝናቡ ቢመጣ፣ ማታ ቡድኑ ወደ ማደሪያው ሲሄድ ጣራዋ ያፈስስባት የነበረችው እናት ጣራ የሌላት ሆና ታድራለች። ይህ ጥናት የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነው።

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ የንጉሥ ደብዳቤ በእጁ ነበር፤ እንጨት የሚሰጠውም ሰው ተጽፎለት ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ሥራ አልጀመረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም በሌሊት ጥቂት ሰዎች አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ። በአንድ ስፍራ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ ፍርስራሹን በቅርብ ተመለከተው። ያሰበውንም ለሹማምንቱ የተናገረው አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ ይህን ገልብጠን እናደርገዋለን፤ አስቀድመን በጉባኤ ፊት እናውጃለን፣ ካናቴራ እናሳትማለን፣ ቤቱን ግን ዋዜማ ላይ እናየዋለን።

ምዕራፍ 3 የስም ዝርዝር ስለሆነ አንባቢ ዘሎት ያልፋል። ሳይቸኩል የሚያነብ ግን ትልቅ ትምህርት ያገኝበታል። ብዙዎቹ ያደሱት በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ነው። በቤቱ ፊት ያለውን የሚያድስ ሰው ሥራውን በችኮላ አይሠራም፤ ቢፈርስ ጉዳቱ የራሱ ነውና። ከሠራተኞቹም መካከል ወርቅ አንጥረኛና ሽቱ ቀማሚ ይገኛሉ፤ ሰሎም የተባለውም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ይሠራ ነበር። የቴቁሓ ታላላቅ ሰዎች ግን ትከሻቸውን ለሥራው አላቀረቡም። የቴቁሓ ሕዝብ አለቆቹን ሳይጠብቅ የደረሰውን ክፍል ሠርቶ ሌላ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨመረ በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። እኅቶች የሚሠሩት ምሳ ብቻ ነው የሚል ወንድም በየአጥቢያው ካለ የሰሎምን ሴቶች ልጆች ታሪክ ያንብብ።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ ተብላ የምትታወቀው ከተማ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከተማዋ የተቈረቈረችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው፤ እኒህም ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ናቸው። ከጭሮ በስተ ምሥራቅ በመንገዱ ላይ ሂርና፣ በሌላው አቅጣጫ በቡናና በጫት የታወቁት በዴሳና ገለምሶ፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ የባቡር ጣቢያ የሆነችው ሚኤሶ ይገኛሉ። ይህን የምንዘረዝረው ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። በጭሮና በሂርና ቤት የሚያፈርሰው ብርድና ዝናብ ሲሆን በሚኤሶ ቆላ ግን ምስጥና ሙቀት ነው። በደጋው የተማረ ቡድን በቆላው ያንኑ ዓይነት እድሳት ቢሠራ ምስጡ ያዲሱን ቋሚ እግር በልቶ ይጨርሰዋል።

በእነዚህ ከተሞች የድኻው ቤት በአብዛኛው የጭቃ ቤት ነው። ቋሚ ይተከላል፤ ማገር በላዩ ይመታል፤ በጭድ የተረገጠ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከላይ ቆርቆሮ ይለብሳል። እንዲህ ያለ ቤት ጣራው ካላፈሰሰና እግሩ ካልረጠበ ለብዙ ዓመታት ይቆማል። የሚጎዳውም በእነዚሁ በሁለቱ በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሊጠቅም ቢፈልግ አስቀድሞ ጣራውን፣ ቀጥሎ የግድግዳውን እግር ይመልከት። ቀለም የመጨረሻው ነው። ቀለም የተቀባ ቤት በፎቶግራፍ ያምራል፤ ውኃ ግን ቀለም አያስቆመውም። ብቻዋን ለምታድር አሮጊት ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ ከውስጥ በደንብ የሚቆለፍ በር ይበልጥባታል።

የጊዜው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ወጣቶቻችን ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ነው፤ የጭቃ ሥራ ግን ክረምትን አይወድድም። በእርጥብ አየር የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ዝናብ ሲመታውም ይወርዳል። በእነዚህ ደጋዎች የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱም ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንባል። ለምርጊት የሚመቹት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። እንግዲህ ክረምቱን በከንቱ እናሳልፈው ማለት ነውን? አይደለም። ክረምት የነህምያ ሌሊት ነው፤ የምናይበት ጊዜ። ጣራ የት እንደሚያፈስስ በበጋ ማንም አያውቅም፤ በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ግን በቤቱ መካከል ቆሞ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው ቀዳዳውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ጎርፉ በየት በኩል ወደ ግድግዳው እንደሚመጣም ያኔ ይታያል። በክረምት የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ትንንሽ ቀዳዳዎችን በሬንጅ መድፈን፣ በርና መስኮት ማስተካከል ይቻላል። ትልቁን ሥራ ግን ለበጋ፣ ይልቁንም ለግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ማቆየት ብልህነት ነው። ቢቸግር እንኳ፣ ጣራ በክረምት መነሣት ካለበት፣ በአንድ ቀን ሊከደን የሚችለውን ያህል ብቻ ይነሣ፤ የላስቲክ ሸራም በቦታው ተዘጋጅቶ ይቆይ።

ስለ ቆርቆሮው ጥቂት እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 35 ይልቅ ወፍራም ነው። በስጦታ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ብዙ ቤት ለማዳረስ ሲል ስሱን ይመርጣል፤ ስሱ ቆርቆሮ ግን በነፋስ ከሚስማሩ ሥር ይቀደዳል፣ ቶሎም ይዝጋል። በእኛ አስተያየት ሁለት ቤት በደህና ቆርቆሮ መክደን አራት ቤት በስሱ ከመክደን ይሻላል። አከዳደኑ ከታች ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ይደረብ። በጎን በኩል የሚደረበው ከአንድ ጉብታ በላይ ይሁን፤ የድርቡም አፍ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይዙር። ሚስማሩ ባለ ቆብና ባለ ጎማ ሆኖ በጉብታው ጫፍ ላይ ይመታል እንጂ በጎድጓዳው ውስጥ አይመታም። ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነውና፣ እዚያ የተመታ ሚስማር ሁሉ በገዛ እጃችን የከፈትነው ቀዳዳ ይሆናል። ክፈፉም ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወጣ ይደረግ፤ አጭር ክፈፍ ያለው ቤት ግድግዳውን በየዓመቱ ያጣል።

የቋሚው እግር በአፈር ውስጥ ከሚበሰብስ በድንጋይ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። በቆላ ደግሞ አናጢዎች ከምስጥ ለመጠበቅ እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ይህን የሚሠራ ሰው እጁን ይሸፍን፣ ልጆችም አይጠጉ። የምርጊቱ ጭቃ ከጭድ ጋር በደንብ ተረግጦ ለጥቂት ቀናት መቡካት አለበት። ስለዚህ ቡድኑ ከመድረሱ ሳምንት በፊት በሰፈሩ ሰው ሊዘጋጅ ይገባል። ጣራ ላይ ከመውጣት በፊት የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ይጠፋ፤ ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆችም ጣራ ላይ አይውጡ። አንድ ወጣት ከጣራ ወድቆ ቢሰበር ለቤተሰቡ ምን ብለን መልስ እንሰጣለን?

ቀጥሎ ብዙ ቡድኖች የማይጠይቁት ጥያቄ አለ። ቤቱ የማን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል። ከዚያ ወዲህ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ በየከተማው ብዙ አረጋውያን እስከ ዛሬ የሚኖሩት በእነዚሁ ነው። የቀበሌ ቤት ያለ ፈቃድ ሲታደስ ተከራይዋ ራስዋ ልትጠየቅ ትችላለች። የግለሰብ ኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ጣራው አዲስ፣ ግድግዳው ደህና ሲሆን አከራዩ ኪራይ ጨምሮ እናቲቱን ሊያስወጣት ይችላል። እንዲህ ከሆነ እኛ ያደስነው የአከራዩን ንብረት ነው፤ ድኻዋንም ከቤቷ እንድትወጣ አድርገናል። ስለዚህ ከመዶሻው በፊት የቀበሌው ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። አከራይ ካለም በሽማግሌዎች ፊት ለተወሰነ ዓመት ኪራይ ላለመጨመርና ላለማስወጣት ይፈርም። እምቢ ቢል ቡድኑ ገንዘቡን ሌላ ቤት ላይ ያውለው። ይህ ያሳዝናል፤ ግን ይሻላል።

በሐረርጌ ወጣት ከመምጣቱ በፊትም ቤት ይሠራ ነበር። የአካባቢው ኦሮሞ ጉዛ የሚለው ልማድ አለው፤ ሰው ጎረቤቱን ለእርሻ ወይም ለቤት ሥራ ይጠራል፣ ሁሉም በጉልበቱ ይመጣል፣ ጠሪው ያበላል፤ በተራውም ለሌላው ይሄዳል። ደቦ በሚባልበት አገር ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ለለቅሶና ለችግር የሚረዳዱበት አፎሻም አለ፤ በከተማ ከእድር ጋር የሚመሳሰል ነው። የአንዲት መበለት ቤት እስኪፈርስ ድረስ ዝም የተባለው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ስለ ጨከነ አይደለም። በጉዛ ለመጥራት የምታበላው ስለሌላት፣ ቆርቆሮና ሚስማርም በጉልበት ስለማይገኝ ነው። እንግዲህ የወጣቶች ቡድን ሊያደርግ የሚገባው ጉዛውን መተካት ሳይሆን የጎደለውን ሞልቶ ጉዛው እንዲጠራ ማድረግ ነው። ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩንና ምሳውን እኛ እናምጣ፤ ጥሪውን ግን ባለቤቲቱ በአፎሻዋ በኩል ታድርግ። ያን ጊዜ ሥራው የእርስዋ ይሆናል፤ ጎረቤቶችዋም በሚቀጥለው ዓመት ያንን ጣራ የእኛ እጅ አለበት ብለው ይጠብቁታል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣውን ችግር መሸፋፈን አይገባም። በሐረርጌ ጉዛ ያለ ጫት እምብዛም አይሆንም፤ የእኛ ወጣቶች ደግሞ ጫት አይቅሙም። ሁለት ነገር እንመክራለን። ቡድኑ ጫት አይግዛ፤ ነገር ግን የባለቤቲቱ ጎረቤቶች ይዘው ቢመጡ በግቢዋ የስብከት ክርክር አይክፈት። ከባዱ ሥራ በማለዳ ተጀምሮ ከበርጫ ሰዓት በፊት ቢጠናቀቅ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ምሳን በሚመለከትም፣ የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም እንደ መሆኑ፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ እኛም ወገን ሙስሊም ያረደውን የማይበላ አለ። ስለዚህ ሥጋ በገበታው ላይ ባይኖር ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላል፤ ሽሮና ዳቦ ማንንም አያስቀይምም። ዓርብ ለጁምዓ ሰዓት ሥራው ይቁም። በረመዳን ጉዛ አይጠራ፤ ጾመኛን በፀሐይ ጣራ ላይ ማሠራት ግፍ ነው። ከቡድኑ ጋር በአፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው መኖሩ ደግሞ ግዴታ ነው፤ በአስተርጓሚ ብቻ የሚነጋገር ቡድን ባለቤቲቱ የማትፈልገውን ነገር ሲሠራ ውሎ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን ቆርቆሮን የወንጌል ዋጋ እንዳናደርገው ነው። ቤትዋ የታደሰላት ሙስሊም እናት «ከዚህ በኋላ ወደ እነርሱ ጉባኤ መሄድ ይጠበቅብኝ ይሆን?» ብላ ከተጨነቀች፣ ወይም ጎረቤቶችዋ «ሃይማኖትዋን በቆርቆሮ ሸጠች» ብለው ካሙዋት፣ ከጣራው ያፈሰሰው ዝናብ ከጎዳት ይልቅ እኛ ጎድተናታል። እምነታችንን ቢጠይቁን በግልጥ እንናገራለን፤ ማፈር አይገባም። ነገር ግን ሥራው በሚሠራበት ቀን በግቢዋ የሚሰበሰብ የስብከት ፕሮግራም አይኑር። የታደሱት ቤቶች ምርጫም በቤተ ክርስቲያን አባልነት ሳይሆን ከቀበሌውና ከአፎሻው ሽማግሌዎች ጋር በችግሩ መጠን ይደረግ።

ይህ አካሄድ ከሌሎች አማኞች ተሞክሮ ጋር ይስማማል። በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ፣ ሄስተን በምትባል ከተማ፣ የሰንበት ትምህርት ክፍል የነበሩ ወጣት ባለትዳሮች ለሽርሽር ተሰብስበው ሳለ ጎረቤቶቻችንን በችግር ጊዜ እንዴት እንርዳ ብለው ተወያዩ፤ ከዚያ ውይይት በአደጋ የፈረሱ ቤቶችን የሚጠግነው የሜኖናውያን የአደጋ አገልግሎት ተነሣ። የዚያው ወገን ሜኖናውያን ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በእርዳታ ሥራ ጀምረው በናዝሬት ሆስፒታል ከፈቱ፤ በምሥራቁ ሐረርጌም በደደርና በበደኖ በሕክምናና በትምህርት አገልግለዋል። ከዚያ ሥራ የወጣችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘግታ መሪዎችዋ ቢታሰሩም በየቤቱ እየተሰበሰበች ቆይታ በ1983 ዓ.ም. ከለውጡ በኋላ በይፋ ተመለሰች። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴክስ ኢቫንስ የተባሉ የሜቶዲስት አገልጋይ በኬንታኪ ተራራማ አገር በባርበርቪል ሃምሳ ያህል ወጣቶችንና አዋቂዎችን ይዘው አራት ቤቶች ጠገኑ። ሃምሳ ሰው፣ አራት ቤት፤ ልብ በሉ። ዓላማቸውም ቤቱ እንዳይበርድ፣ እንዳያፈስስና አደጋ እንዳያመጣ ማድረግ ነበር፤ የቤቱን ሰዎችም እንዳሉ ይቀበሉአቸው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወይም ከአዳማ ወደ ጭሮ ለመሄድ የሚያስቡ አጥቢያዎች አሉ። ከአዲስ አበባ መንገዱ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የአርባ ሰው የአውቶቡስ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ያስሉ። እኛ መሄድን አንከለክልም፤ ወጣት የአገሩን ድኻ በዓይኑ ማየቱ ጥቅም አለው። ቡድኑ ግን ከአሥር ሰው ባይበልጥ፣ ከጭሮና ከሂርና አጥቢያ ወጣቶች ጋር ቢቀላቀል፣ የከተማውም አናጢ በቀን ሂሳብ ተከፍሎት ሥራውን ቢመራ ደግ ነው። አናጢው ከዚህ ሥራ ይኖራል፤ በነፃ የምንሠራው ሥራ የእርሱን እንጀራ እንዳይነጥቅ። ወጣቶቹም ከእርሱ የሚማሩት ሙያ በኋላ ለራሳቸው ይጠቅማቸዋል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ ደንባችን ይህ ይሁን። ባለቤቲቱ ካልፈቀደች አይነሣ፤ ብትፈቅድም ከተሠራ በኋላ በበርዋ ላይ ቆማ፣ ልብስዋን ለብሳ ይነሣ። የፈረሰ መኝታዋን ለደጋፊ ማሳየት የእርስዋን ገመና መግለጥ ነው።

ቡድኖች በሚቀጥለው ስብሰባቸው በእነዚህ ላይ ይወያዩ፦ በአጥቢያችን አንጻር ያለው፣ ከአባሎቻችን ቤት በእግር የሚደረስበት፣ የሚያፈስስ ቤት የማን ነው? በዚህ ክረምት ዝናብ ሲዘንብ ገብቶ የሚያይ ማን ይላካል? ለአናጢው የሚከፈለው ከየት ይገኛል? ከሥራውም ገንዘብ ላይ አንድ እጅ ተለይቶ በኮሚቴው እጅ ይቆይ፤ ይህም ለሚስማርና ለሬንጅ ነው። በመጋቢት የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ ሁለት ወጣቶች በበጋ ወደ ታደሰው ቤት ተመልሰው ይሂዱ፤ ጣራውን ከውስጥ፣ ቦዩን ከውጪ ይመልከቱ፣ እናቲቱም ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች ይጠይቁአት።